ፍሳሽና የመብራት ገመድ ራስዎ ሲዘረጉ፦ ደሴ ላይ የሚደጋገሙ ስህተቶች

ደሴ ላይ ቤት የሚሠራ ሰው ግማሹን ሥራ በራሱ እጅ ነው የሚጨርሰው። ቱቦው በጋሪ ይመጣል፣ የአክስት ልጅ ያግዛል፣ ቅዳሜና እሁድ ተሠርቶ ያልቃል። ክፋት የለውም፤ ባለሙያ ውድ ነው፣ ቀጠሮም አያከብርም። ችግሩ የተሠራው ነገር ወዲያው በአፈርና በልስን መሸፈኑ ነው። የንጹህ ውሃ ቧንቧ ሲያንጠባጥብ ይታያል። ፍሳሽና ገመድ ግን ጥፋታቸው የሚታወቀው ከወራት በኋላ ነው፤ አንዱ በመጥፎ ሽታ፣ ሌላው በተቃጠለ ፕላስቲክ ጠረን።

«ቁልቁል ነው፣ ራሱ ይወርዳል» ማለት

ጦሳ ተራራ ሥር ተዳፋት ላይ ስለምንኖር ውሃ መውረዱን አንጠራጠርም። ቤቱ ግን የቆመው ተደልድሎ ነው። ከመጸዳጃ ቤቱ እስከ ግቢው ጫፍ ያለው መሬት ለጥ ያለ ነው፤ ቱቦው የሚተኛውም እዚያ ላይ ነው። ለአንድ ሜትር 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅታ ያስፈልገዋል። 6 ሜትር ርዝመት ላለው አንድ ሙሉ ቱቦ 12 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው።

ይህን በዓይን መገመት አይቻልም፤ በተለይ ዙሪያው ሁሉ ዘንበል ባለበት ከተማ ዓይን ይሳሳታል። ግንበኞች የሚጠቀሙበትን ብርሃን የሚያሳልፍ ቀጭን ቱቦ ውሃ ይሙሉበት። አንድ ሰው በአንዱ ጫፍ፣ ሌላው በሌላው ይያዝ። ውስጡ የአየር አረፋ ካለ ልኩ ውሸት ስለሚሆን፣ ቱቦውን መታ መታ አድርገው አረፋውን ያስወጡ። ውሃው መወዛወዙን ሲያቆም በሁለቱም በኩል በእርሳስ ምልክት ያድርጉ፤ ከዚያ በታችኛው ጫፍ ተጨማሪ 12 ሳንቲ ሜትር ወደ ታች ይለኩ።

ግቢው አልቆ መሬቱ ገደል ሲሆን ደግሞ ተቃራኒው ስህተት ይመጣል፤ ቱቦውን እንደ ቁልቁለቱ መልቀቅ። ክረምት ላይ አፈሩ ትንሽ ሲንሸራተት መጋጠሚያው ይከፈታል፣ ፍሳሹ ከመሬት ውስጥ ይቀራል። ደሴ የመሬት መንሸራተትን በደንብ የምታውቅ ከተማ ናት፤ ወደ አፈር የሚሰርግ ውሃ ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። ቀዳሚው ተጎጂ የታች ጎረቤትዎ ነው። ስለዚህ ቱቦውን በልኩ ዝቅታ እስከ ማንሆል ያምጡት፣ ማንሆሉ ውስጥ ቀጥ ብሎ ይውረድ፣ ከታች እንደገና በልኩ ዝቅታ ይቀጥል። የጣራ ውሃንም ሴፕቲክ ታንክ ውስጥ አይጨምሩ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ታንኩ ሞልቶ ግቢ ውስጥ ይገነፍላል።

ኮምቦልቻ ሌላ ነው። መሬቱ ሜዳ ስለሆነ ዝቅታውን ማግኘት ራሱ ሥራ ነው። ጥቁር አፈር ባለበት ሰፈር ደግሞ አፈሩ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል፤ ቱቦውን ያለ አሸዋ መደብ አያስተኙ።

የአየር ማስወጫውን መተው

ብዙ ሰው ጣራ ላይ የሚወጣውን ቱቦ እንደ ጌጥ ያየዋል። ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚቀነሰውም እሱ ነው። የዘይት ጀሪካን ገልብጠው ያውቃሉ? አየር መግቢያ ሲያጣ ቡልቅ ቡልቅ እያለ ይወጣል። ፍሳሽ ቱቦም እንዲሁ ነው። አንድ ባልዲ ውሃ በአንዴ ሲወርድ ከኋላው አየር ይፈልጋል፤ ከጣራ ካላገኘ ከላቫንዲኖው ወይም ከሻወሩ ሲፎን (ውሃ የሚቆምበት የታጠፈ ቱቦ) ይስባል። ሲፎኑ ውስጥ የቆመው ውሃ ብዙውን ጊዜ 5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሽታውን የሚያግደው እሱ ብቻ ስለሆነ፣ ከተሳበ ቤቱ ይገማል።

ለማጣራት ቀላል ነው። ሽንት ቤቱ ላይ ውሃ ይልቀቁና ጆሮዎን ወደ ላቫንዲኖው ያስጠጉ። የሚያጉረመርም ከሆነ አየር አጥቷል ማለት ነው። ማስወጫው ኮርኒስ ሥር ማለቅ የለበትም፤ ከጣራ በላይ ይውጣ፣ ከመስኮትም ይራቅ። ቤቱ ከመጀመሪያውም ዝም ብሎ የሚሸት ከሆነ ግን ቀድመው ሲፎን መኖሩን ይዩ። ሳይገጠም የቀረበት ቤት ሞልቷል።

ሳይሞክሩ መድፈን

አፈር ከመመለስዎ በፊት የታችኛውን ጫፍ ደፍነው መስመሩን ውሃ ይሙሉትና ይቆዩ። ውሃው ከቀነሰ አንዱ መጋጠሚያ ያፈሳል። ከመሬት በታች በአንድ የ90 ዲግሪ ጎሚቶ (የቱቦ መታጠፊያ) በአንዴ ከመጠምዘዝ ሁለት የ45 ዲግሪ ይሻላል፤ መጥረጊያ ቀዳዳም ይተዉለት። የተቆረጠውን የቱቦ ጫፍ ፍርፋሪ በቢላ ያጽዱ፣ አለዚያ ጨርቅና ጸጉር እዚያው ይያዛል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ለዚህ ሥራ ይመስለኛል።

«መብራት ሄዷል» ብሎ ገመድ መንካት

ወደ ኤሌክትሪኩ ስንመጣ እኔን በጣም የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። መብራት ሲጠፋ «በዚያው ልሥራው» ብሎ ሶኬት የሚፈታ ሰው ብዙ ነው። መብራት ደግሞ ሲመጣ አያስጠነቅቅም። 220 ቮልት እጅ ላይ ይመጣል። በዚያ ላይ መብራት በሌለበት ሰዓት ቴስተሩም ዝም ስለሚል ትክክለኛውን ብሬከር መዝጋትዎን ማረጋገጥ አይችሉም። መብራት እያለ ዋናውን ብሬከር ይዝጉ፣ ከመዝጋትዎ በፊትና በኋላ በቴስተር ይሞክሩ፣ ብሬከሩ ላይ ልጅ እንዳይደርስ ያድርጉ።

ምጣዱን ከመብራት መስመር መቀጠል

የእንጀራ ምጣድ ብዙውን ጊዜ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል። በ220 ሲካፈል 16 አምፔር ያህል ነው፤ እሱም አንድ ሙሉ ጋገራ እስኪያልቅ ሳይቋረጥ። ለመብራት የሚዘረጋው 1.5 ገመድ (ቁጥሩ የገመዱ ውፍረት በካሬ ሚሊ ሜትር ነው) ይህን አይችልም። ለሶኬት 2.5፣ ለምጣድ ግን ከብሬከር ሳጥኑ ለብቻው የሚመጣ 4 ገመድ ይዘርጉ።

እዚህ ላይ የሚከተለው ጥፋት ይበልጣል። ብሬከሩ እየዘለለ ሲያስቸግር «ደካማ ነው» ተብሎ በትልቅ ይቀየራል። ብሬከሩ ግን የሚጠብቀው ገመዱን ነው። ባለ 32 አምፔር ሲገጠም አይዘልም፤ ገመዱ ግን ግድግዳው ውስጥ ይቀልጣል። ግድግዳው እንጨትና ጭቃ ከሆነ ደግሞ እሳቱ የሚበላው አያጣም። በእንዲህ ያለ ቤት ገመድ ያለ ኮንዲዩት (ገመድ የሚያልፍበት ቱቦ) አይቅበሩ፤ አይጥ ይበላዋል፣ ለፎቶ የተመታ ሚስማርም ያገኘዋል። በናስትሮ የተጠቀለለ ቅጥያንም ልስን ሥር አይደብቁ። ቅጥያ ሁሉ ሳጥን ውስጥ፣ ክዳኑ በሚከፈትበት ቦታ ይሁን።

ማብሪያውን ኒውትራሉ ላይ መግጠም

ፌዝ ኤሌክትሪኩን የሚያመጣው ገመድ ነው፣ ኒውትራል የሚመልሰው። ማብሪያው ኒውትራሉን ቢቆርጥም አምፖሉ ይጠፋል፣ ሁሉም ነገር ደህና ይመስላል። መያዣው ግን ኤሌክትሪክ እንዳለበት ነው። ማብሪያ ሁልጊዜ ፌዙን ይቁረጥ። ቀለምን ብቻ አይመኑ፤ ድሮ የተዘረጋ ቀይና ጥቁር ከአዲሱ ቡናማና ሰማያዊ ጋር ተቀላቅሎ የሚገኝበት ቤት ብዙ ነው።

ኧርዙን ከውሃ ቧንቧ ማሰር

ኧርዝ ያፈሰሰ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚወስድ ገመድ ነው። ከቧንቧ ማሰሩ ቧንቧው ሁሉ ብረት በነበረበት ዘመን ይሠራ ይሆናል። አሁን መሐል ላይ አንድ የፕላስቲክ ቁራጭ ከገባ ኤሌክትሪኩ መሬት አይደርስም፤ ሻወር ላይ ያለው ሰው ጋ ይጠብቃል። ኧርዝ መሬት ውስጥ የተቀበረ የራሱ ዘንግ ይኑረው። የደሴ ብርድ ሳያስገድድ ስለማይቀር የሻወር ማሞቂያ መግጠምዎ አይቀርም። እሱ ያለ ኧርዝና፣ ኤሌክትሪክ ሲያፈስ በራሱ ከሚዘጋው 30 ሚሊ አምፔር የተጻፈበት ብሬከር ውጭ አይብራ። ያ ብሬከር መሞከሪያ ቁልፍ አለው፤ በየወሩ ተጭነው ይዩት። ካልዘጋ ይቀይሩት።

ከቆጣሪው እስከ ምሰሶው ያለው ግን የቤት ሥራ አይደለም። የታሸገውን ቆጣሪ አይክፈቱ፣ ምሰሶ ላይም አይውጡ። እዚያ ጋ ለኤሌክትሪክ አገልግሎቱ ማመልከት ነው፣ ቢዘገይም።