የቀላል ባቡርን ጉዞ በአነስተኛ ኃይል ማቀድ፦ የምርጥ ቁጥጥር ችግርን በኮምፒውተር የመፍቻ ዘዴ

በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ በአያት በኩል የሚሄድ ቀላል ባቡር 1,000 ሜትር የሚራራቁ ሁለት ጣቢያዎችን በ90 ሰከንድ ማቋረጥ አለበት እንበል፤ ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የተወሰዱ ናቸው። ኤሌክትሪክ ለመቆጠብ አሽከርካሪው በየቅጽበቱ ሞተሩን ምን ያህል፣ ፍሬኑንስ መቼ መጠቀም እንዳለበት ማስላት የምርጥ ቁጥጥር ችግር ነው።

በፖንትሪያጊን መርሕ (ምርጥ የሆነ ቁጥጥር ሊያሟላቸው የሚገቡ ሁኔታዎችን በሚሰጥ የሒሳብ ሕግ) የሚሄደው ስሌት መልሱ ምን ዓይነት ቅርጽ እንደሚኖረው ያሳያል፤ ይኸውም በሙሉ ኃይል መነሣት፣ ፍጥነትን ጠብቆ መሄድ፣ ሞተር ሳይሠራ መንሸራተት፣ በመጨረሻም በሙሉ ፍሬን መቆም ነው። ሆኖም የመነሻ ግምቱ ጥቂት ሲስት ስሌቱ በቀላሉ ስለሚበላሽ፣ ለጀማሪ ቀጥተኛውን ዘዴ፣ ማለትም ጊዜውን ከፋፍሎ ችግሩን ውስን ቁጥሮችን ወደ መፈለግ መለወጥን፣ እመርጣለሁ።

ጊዜውን በ3 ሰከንድ ልዩነት በ30 ክፍል ይከፋፍሉ። በ31ዱ ነጥቦች ላይ ርቀት፣ ፍጥነት፣ የሞተር ግፊትና የፍሬን ኃይል ያልታወቁ ቁጥሮች ሲሆኑ፣ በድምሩ 124 ይሆናሉ። ግፊትንና ፍሬንን በአንድ ምልክት አለመጠቅለል ይበጃል፤ ፍሬን ኤሌክትሪክ አይወስድም ብለን ስለምናስብ የወጪው ቀመር (ዝቅ እንዲል የምንፈልገው የኤሌክትሪክ ፍጆታ) ዜሮ ላይ ይሰበራል፣ ማለትም ዝንባሌው በድንገት ይለወጣል፣ የመፍቻው ፕሮግራምም እዚያው ይደናገራል። በየክፍሉ የርቀትና የፍጥነት ለውጥ በሁለቱ ጫፎች ካለው የለውጥ መጠን አማካይ ጋር እንዲስማማ የሚያስገድዱ 60 እኩልታዎችን ጽፈው፣ የመነሻና የመድረሻ ርቀትንና ፍጥነትን ይወስኑ። ርቀትን በኪሎ ሜትር መጻፍ የቁጥሮቹን መጠን ያቀራርባል። ይህን በፓይተን ከካሳዲ (CasADi፣ እንዲህ ያሉ ችግሮችን ለመጻፍ የሚረዳ መሣሪያ) ጋር ጽፎ ለአይፖፕት (IPOPT፣ ለመፍቻው ፕሮግራም) መስጠት ይቻላል፤ ለመነሻ ግምት ወጥ ፍጥነት፣ ማለትም በሰከንድ 11 ሜትር ገደማ፣ ይበቃል።

ፍጥነት ተጠብቆ በሚኬድበት ክፍል ግፊቱ ከነጥብ ነጥብ የሚዘል ከሆነ፣ ይህ የባቡሩ ሳይሆን የስሌቱ ጠባይ ነው፤ በወጪው ቀመር ውስጥ በተከታታይ ግፊቶች ልዩነት ላይ ትንሽ ቅጣት (ልዩነቱ ሲሰፋ ወጪውን የሚያሳድግ ቁጥር) ቢጨመር ይረጋጋል። የተገኘውን ግፊትና ፍሬን በሌላ ስሌት፣ ለምሳሌ በአራተኛ ደረጃ ሩንጌ-ኩታ (እንቅስቃሴን ደረጃ በደረጃ በሚያሰላ ዘዴ)፣ እንደገና አስኪደው ባቡሩ በእርግጥ 1,000 ሜትር ላይ መቆሙን ይመልከቱ። ካልቆመ ክፍሎቹን ወደ 120 ያሳድጉ፤ የቀደመው መልስ የአዲሱ መነሻ ግምት ይሁን። ግፊት በድንገት በሚለወጥባቸው ቦታዎች ግን ስሕተቱ ቀስ ብሎ ስለሚቀንስ፣ ቅርጹ ከታወቀ በኋላ የመለወጫ ሰዓቶቹን ራሳቸውን ያልታወቁ ቁጥሮች አድርጎ መፍታት ይሻላል።