«ሽማግሌ ልኬያለሁ» እና ሌሎች ፈውስ የሚያዘገዩ ስህተቶች

ደሴ ውስጥ የሥነ ልቦና ምክር እሰጣለሁ። ሰው ወደ እኔ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ጸበሉንም፣ ዱዓውንም፣ የጓደኛ ምክሩንም ከሞከረ በኋላ ነው። ምንም ክፋት የለውም። እኔን የሚያደክሙኝ ይዟቸው የሚመጣቸው አንዳንድ አባባሎች ናቸው። ከመስማቴ ብዛት ሰውየው ገና ሳይቀመጥ ይታወቁኛል። እዚህ የምጠቅሳቸውን ሰዎች ማንም እንዳይለያቸው ዝርዝሩን ቀይሬዋለሁ።

«ተፈጥሮዬ ነው»

የሚገርመው ይህን የሚሉት ራሳቸውን የመረመሩ ሰዎች መሆናቸው ነው። «አባቴ ይገርፈኝ ነበር፤ ቶሎ የምቆጣው ለዚያ ነው» ይላል አንዱ። ሊሆን ይችላል። እሺ፣ ከዚያስ ስለው ዝም። ምክንያቱን ሲያገኝ ሥራው ያለቀ መስሎታል። ልጁ ግን ዛሬም የአባቱን ኮቴ ሲሰማ ወደ ጓዳ ይሮጣል። ልጁ ስለ አያቱ ግርፋት የሚያውቀው ነገር የለም። የሚያውቀው የአባቱን ጩኸት ነው።

«ሽማግሌ ልኬያለሁ»

እዚህ ላይ ትንሽ ልናደድ። ወሎ በሽምግልና የታደለ አገር ነው። አባጋሮቻችን፣ የእርቅ ሽማግሌዎቻችን፣ ደም ያደርቃሉ፤ ይህን የሚያናንቅ ሰው አያጋጥመኝ። ግን ሽማግሌ ጠብ ያበርዳል እንጂ ያንተን ጥፋት ባንተ አፍ አይናገርልህም።

ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራ ሰው ነበር። ሚስቱ ኩርፊያ ይዛ ደሴ እናቷ ቤት ገባች። ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹ ቡና ጠጡ፣ መረቁ፣ «በቃ ለእኛ ስትይ» አሏት። ምን ትበል? በይሉኝታ ጉልበት ስማ ተመለሰች። ከዚያ እሱ እኔ ጋ መጥቶ «ታርቀንም ፊት ነሳችኝ» ይላል።

ምን አድርገሃት ነበር? «ያው ተጋጨን።» በምን? «በገንዘብ።» በየትኛው ገንዘብ? ቀስ በቀስ ወጣ። የዕቁቧን ብር ሳይነግራት ወስዶ ጨርሶታል። ያ ሁሉ ሽማግሌ ሲቀመጥ ስለ ብሩ ያነሳ የለም! «ካስቀየምኩሽ ይቅርታ» ብሏት ነበር። እንዴት ነው «ካስቀየምኩሽ»? ብሯን ወስደህ መቀየሟን ትጠራጠራለህ እንዴ?

ይቅርታ ሲጠየቅ ጥፋቱ በስሙ ይጠራ። «የዕቁብ ብርሽን ሳልነግርሽ ወስጄ አጠፋሁት።» «ግን» የለም፣ «አንቺም እኮ» የለም። ቀጥሎ የሚመለሰው ይመለስ። ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም። በእስልምና ተውባ የሚገባ ሰው ጥፋቱን ያቆማል፣ ይጸጸታል፣ ላይመለስበት ይወስናል፤ የሰው ሐቅ ካለበት ደግሞ ለባለቤቱ መመለስ አለበት። ወንጌሉም መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ አስቀድመህ ከወንድምህ ታረቅ ነው የሚለው። ሁለቱንም ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። ሲደርስብን ግን ሽማግሌ እንልካለን።

የዚህ ተቃራኒም አለ። ልቡን ለማቅለል ሲል ያለ የሌለውን ምስጢር ሰው ላይ የሚዘረግፍ። በ1935 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የተጀመረው የአልኮል ሱሰኞች መረዳጃ ማኅበር፣ በታወቁት 12 ደረጃዎቹ ውስጥ፣ የበደላችሁትን ካሱ ይላል፤ ካሳው እነሱን ወይም ሌላ ሰው የሚጎዳ ካልሆነ በቀር። ያቺን «በቀር» አትዝለሏት።

«ሁሉም የእኔ ጥፋት ነው»

ይህ ኃላፊነት መውሰድ ይመስላል። አይደለም። ከጦርነቱ ወዲህ ደግሞ በዝቷል። በ2014 ጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ፣ ልጆቿን ይዛ በሐረጎ በኩል ወደ ኮምቦልቻ የወረደች ሴት አለች። እናቷ ቤቴን ጥዬ አልሄድም ብለው ቀሩ። የስኳር መድኃኒታቸው አለቀ፤ አረፉ። «እኔ ነኝ የገደልኳት» ትላለች።

አይዞሽ፣ ያንቺ ጥፋት አይደለም ማለት ይቀላል። ግን አይሠራም፤ ጎረቤቱ ሁሉ ብሏታል። ይልቅ ወረቀት አወጣንና የዚያን ቀን የምታውቀውን፣ ልታደርግ ትችል የነበረውን አንድ በአንድ ጻፈች። መንገዱ መቼ እንደሚዘጋ አታውቅም ነበር። እናቷን በግድ ማንሳት አትችልም ነበር። በመጨረሻ የቀረችው አንዲት ነገር ናት፤ ጠዋት ተጨቃጭቀው ሳትሰናበታቸው ወጥታለች። ይቺ የሷ ናት። ያለቀሰችውም ለዚህች ነው፤ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ ይወስዳት ጀመር።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች «መጥፎ ነገር አደረግኩ» በሚለውና «እኔ መጥፎ ሰው ነኝ» በሚለው ስሜት መካከል ልዩነት ያደርጋሉ። የመጀመሪያው ሰውን ወደ ማስተካከል ይገፋል፤ ሁለተኛው ወደ መደበቅ።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልጠቅስ አላልፍም። የተደፈረች፣ የተደበደበች፣ በልጅነቱ የተጎዳ ሰው በደረሰበት ነገር ውስጥ ድርሻ የለውም። «የራስሽን ድርሻ ፈልጊ» የሚል አማካሪ ካጋጠማችሁ ተነሥታችሁ ውጡ።

«ሌሊቱን ሙሉ ሳስብ አድራለሁ»

ይህ ራስን መመርመር አይደለም፤ እህል ያልገባበት ወፍጮ ነው። ያንኑ ነገር እየመላለሱ ማሰብ ድብርትን ያራዝማል። ማሰቡ ካልቀረ ጻፉት፤ በልክ ግን። ጄምስ ፔኔቤከር የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ በ1986 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ተማሪዎቹን ያጻፋቸው በቀን 15 ደቂቃ፣ ለ4 ተከታታይ ቀን ነበር። ሲጻፍ የባሰ ከሆነ ይቁም።

በምርቃና ሰዓት ሕይወትን ለማስተካከል መወሰንም አለ። እሱን ባለቤቶቹ ያውቁታል።

እንቅልፍና ምግብ እምቢ ካለ፣ ምንም ነገር ካላስደሰተ፣ ይህም ሁለት ሳምንት ካለፈው፣ ራስን መመርመሩ ይቆየንና ሐኪም ይታይ። መሞት ካማራችሁ ደግሞ ሁለት ሳምንት አትጠብቁ፤ ዛሬውኑ። ደሴ ሪፈራል ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው።

«ይቅርታ ጠየቅኩ እኮ!»

ጠየቅክ። መቼ እንደምትረሳው ግን የምትወስነው እሷ ናት። የኮምቦልቻው ሰው አሁን የዕቁቡን ብር በየደመወዙ እየመለሰ ነው። ባለፈው መጥቶ «ቆይ ግን እስከ መቼ ነው የምታኮርፈኝ?» አለኝ። ለምን እሷን አትጠይቃትም አልኩት። በዚህ ሳምንት እጠይቃታለሁ ብሏል፤ ያለ ሽማግሌ።