ከአሜሪካ ዕቃ ስታመጡ መጀመሪያ ጀርባውን አንብቡ

ገናና ጥምቀት ሲቃረቡ ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ ወደ ጥገና ሱቄ ይጎርፋል። ብሌንደር፣ ካውያ፣ የፀጉር ማድረቂያ። አብዛኛው አዲስ ነው፤ አንዴ ተሰክቶ ያበቃለት። ሰው ለእናቱ ብሎ ተሸክሞት የመጣ ስጦታ እንዲህ ሲሆን ያሳዝነኛል።

አሜሪካ ቤት ውስጥ ያለው ሶኬት 120 ቮልት ነው፣ የኛ 220። ስለዚህ ሻንጣ ከመዝጋታችሁ በፊት ዕቃውን ገልብጡና ደቃቋን ጽሑፍ ፈልጉ። «100-240 ቮልት» የሚል ከሆነ ሐሳብ አይግባችሁ። የስልክና የላፕቶፕ ቻርጀር ባብዛኛው እንዲህ ነው። ስፒናውን እዚህ ሶኬት የሚያስገባ አዳፕተር ይበቃዋል።

«120 ቮልት» ብቻ ካለ ግን አዳፕተር አያድነውም። አዳፕተር የሚቀይረው የስፒናውን ቅርፅ ነው፤ ቮልቱን አይነካም። ሰው የሚሳሳተው እዚች ጋ ነው።

በተለይ የሚያሞቅ ዕቃ አደገኛ ነው። 1500 ዋት የፀጉር ማድረቂያ 220 ላይ ሲሰካ፣ ቮልቱ እጥፍ እንኳ ሳይሞላ ኃይሉ ከሦስት እጥፍ አልፎ ወደ 5000 ዋት ይጠጋል። ሽቦው ቀልቶ ወዲያው ይበጠሳል። ለእሱ የሚሆን፣ 220ውን ወደ 120 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ቢያንስ 2000 ዋት መቻል አለበት፤ እሱ ደግሞ ከባድም ውድም ነው። ማድረቂያውን እዚሁ ግዙ።

300 ዋት ብሌንደር ከሆነ 500 ዋት ትራንስፎርመር ያዛልቀዋል። ማይክሮዌቭ ግን ተዉት። ኤሌክትሪኩ በሰከንድ የሚመላለስበት ብዛት (ኸርዝ) አሜሪካ 60 ነው፣ እኛ ጋ 50፤ ትራንስፎርመር ይህን አይቀይርም፣ ማይክሮዌቩም ከልክ በላይ ይግላል።

ባለብዙ ቀዳዳ የሶኬት ማከፋፈያም አታምጡ። ላፕቶፑ 220 የሚችል ሆኖ ሳለ፣ ከኃይል መጨመር ይከላከላል ተብሎ ለ120 የተሠራው ማከፋፈያ ራሱ ይጨሳል።

ከዱባይ ለሚመጣ ዕቃ ብዙ ጣጣ የለም። ቮልቱም ኸርዙም ከኛ ጋር ይሄዳል፤ ባለሦስት ጠፍጣፋ እግሩን ስፒና መቀየር ነው።

በተቃራኒው ምጣድ ወደ አሜሪካ የምትወስዱም አላችሁ። የኛ ምጣድ 120 ላይ ሲሰካ የኃይሉን ሲሶ እንኳ አያገኝም፤ እንጀራው ዓይን ሳያወጣ ይደርቃል። እዚያ ቤቶች ውስጥ ለምድጃና ለልብስ ማድረቂያ የሚዘረጋ 240 ቮልት መስመር አለ። ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ጠርታችሁ ለምጣዱ የሚሆን መስመርና ሶኬት አስዘርጉለት።