ጌሙ አልሄድ ሲል፦ ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት የተኩስ ጌም ችግርና መፍትሄ

ጌም ሲያስቸግር መጀመሪያ የሚሰደበው ኔትወርክ ነው። ጥይቱ አልመታ አለ? ኔትወርክ። ስልኩ ፈዘዘ? ኔትወርክ። ገና ከፓራሹት እንደወረዱ ተበሉ? እሱም ኔትወርክ። ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ግን ስልኩ ውስጥ፣ ሴቲንጉ ውስጥ፣ አንዳንዴም ጣታችን ላይ ነው ያለው። ምክንያቱን ሳይለዩ ፓኬጅ መጨመር ብር ማቃጠል ነው።

ይህ ጽሑፍ ሰሜን ሸዋ ሆነው ፐብጂ ሞባይል፣ ፍሪ ፋየር ወይም ኮል ኦፍ ዱቲ ሞባይል ለሚጀምሩ፣ ይበልጥ ደግሞ ከረጅም ጊዜ በኋላ ለሚመለሱ ነው። ተመላሹ ብዙ ነው። ዳታ ተቋርጦበት የቆየ አለ፣ ማትሪክ የያዘው አለ፣ ስልኩ ተሰብሮ የጠበቀ አለ። ለኮምፒውተር ተጫዋቾችም ወደ መጨረሻው ጥቂት አለኝ።

«አካውንቴ የለም፣ ከዜሮ ጀምር ይለኛል»

ተጠርጣሪው ጌስት ነው። ያኔ ስትጀምሩ ቸኩላችሁ «ጌስት» የሚለውን ነክታችሁ ገብታችኋል። የጌስት አካውንት የታሰረው ከስልኩ ጋር ነው፣ ከእናንተ ጋር አይደለም። ስልክ ከቀየራችሁ ወይም ጌሙን አጥፍታችሁ ከጫናችሁ ላታገኙት ትችላላችሁ።

አሮጌው ስልክ ካለና ጌሙ ካልጠፋበት እዚያው ላይ ክፈቱት። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ከጉግል ወይም ከፌስቡክ ጋር አገናኙት። ስልኩ መሐል ሜዳ ታናሽ ወንድማችሁ ጋ ከሆነ አሁኑኑ ደውሉና «ምንም እንዳታጠፋ» በሉት። ልጁ ለቪዲዮ ቦታ ሲፈልግ መጀመሪያ የሚያጠፋው ያንን ትልቁን ጌም ነው።

ጌስት ካልነበራችሁ ደግሞ በሌላ በር እየገባችሁ ይሆናል። በፌስቡክ የተከፈተ አካውንት በጉግል ስትገቡ አይመጣም፣ አዲስ ይከፈታል። ስለዚህ ተስፋ ከመቁረጣችሁ በፊት ሁሉንም የመግቢያ ምልክቶች ሞክሩ። የፌስቡኩ የይለፍ ቃል ከጠፋና ኮዱ የሚላከው ወደ ድሮ ሲም ከሆነ ነገሩ ይከብዳል። ለረጅም ጊዜ ያልተጠቀማችሁበት ቁጥር ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ቁጥሩ ላይ ደውሉ። ማን እንደሚያነሳ እወቁና ከዚያ አስቡበት።

ራንካችሁ (በጨዋታ የወጣችሁት ደረጃ) ወርዶ ከጠበቃችሁ ግን የጠፋ ነገር የለም። ሲዝን (የውድድሩ ዙር) በተቀየረ ቁጥር ራንክ ይወርዳል። የሚጠገን ነገርም የለውም፣ ተጫውቶ መውጣት ነው።

«አይከፍትም» ወይም «ዳውንሎዱ አያልቅም»

የቆየ ቨርዥን ሰርቨሩ (ጌሙን የሚያስተናግደው የኩባንያው ኮምፒውተር) አይቀበለውም። አፕዴት ግድ ነው። አፕዴቱ የማያልቀው ደግሞ ብዙ ጊዜ ቦታ ስለሌለ ነው። ስልኩ አዲሱን አውርዶ እስኪተካው ድረስ ሁለቱንም መያዝ አለበት፣ ስለዚህ አፕዴቱ ከሚለው መጠን ወደ እጥፍ የሚጠጋ ነፃ ቦታ አስቀምጡለት። ጌሙ ከተከፈተ በኋላ ደግሞ ማፖችንና ስኪኖችን (የመጫወቻ ሜዳዎችንና የልብስና የመሣሪያ ጌጦችን) ለብቻቸው ያወርዳል። ሁሉንም አትቀበሉ። ፐብጂ ላይ የምትጫወቱት ኤራንጌልና ሊቪክ የሚባሉት ማፖች ላይ ብቻ ከሆነ ሌላው ለምን ቦታ ይይዛል?

የሌሊት ጥቅል ግዙና ተኝታችሁ አውርዱ። ከጓደኛ በዜንደር (ያለ ዳታ ፋይል ከስልክ ወደ ስልክ በሚያስተላልፈው አፕ) መቀበልም የተለመደ ነው፣ ዳታ ያድናል። ግን ጓደኛው ራሱ ከፕሌይ ስቶር ያወረደው ይሁን። «ሞድ» የሚባለው፣ ግድግዳ አሳልፎ የሚያሳየው፣ ሁለት ነገር ያመጣል፦ አካውንት መታገድና የይለፍ ቃል መሰረቅ። በነፃ የተሰጠ ማጭበርበሪያ ሰጪው ከየት እንደሚበላ ጠይቁ።

«ፒንጉ ቀይ ነው»

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ፒንግ ማለት የነካችሁት ነገር ሰርቨሩ ድረስ ሄዶ መልሱ እስኪመጣ የሚፈጀው ጊዜ ነው። የሚለካው በሚሊ ሰከንድ ነው። እኛ ዘንድ በብዛት የሚባለው «ከአዲስ አበባ ስለራቅን ነው» የሚል ነው። ቁጥሩ ግን ይህን አይደግፍም።

ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ ወደ 200,000 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ደርሶ መልሱ 260፣ ማለትም ከአንድ ሚሊ ሰከንድ ትንሽ የሚበልጥ። ይህን ማንም ጣት አያውቀውም። ሰርቨሩ ዱባይ ቢሆን ከአዲስ አበባ በቀጥታ መስመር ወደ 2,500 ኪሎ ሜትር ነው፣ ደርሶ መልሱ በትንሹ 25 ሚሊ ሰከንድ ይወስዳል። ፍራንክፈርት ቢሆን ወደ 5,300 ኪሎ ሜትር ነው፣ ከ50 በላይ ይሆናል። ኬብሉ ደግሞ ቀጥ ብሎ አይሄድም። የባሕር ኬብሎች ባሉበት በጅቡቲ በኩል ዞሮ ነው በብዛት የሚወጣው። ስለዚህ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ ተጫዋች የማይቀር መነሻ ፒንግ አለው። ቦሌ የተቀመጠውም ጭምር።

ከዚያ በላይ የሚጨመረው ነው የእኛ ጉዳይ። ቁጥሩ 300 እና 400 ሲል ጥፋቱ ከአዲስ አበባ የመራቅ አይደለም። ወይ የተሳሳተ ሰርቨር፣ ወይ ቪፒኤን (ኢንተርኔታችሁን በሌላ አገር በኩል የሚያዞር አፕ)፣ ወይ በስልኩና በአንቴናው መካከል ያለው አየር ነው።

ከሰርቨሩ ጀምሩ። ፐብጂ ሞባይል ላይ ሚድል ኢስትና አውሮፓን አወዳድሩ። ቁጥሩ ያነሰውን ያዙ እንጂ ጓደኛዬ እዚያ ነው ብላችሁ አሜሪካ አትግቡ። ቀጥሎ ቪፒኤን። ኢንተርኔት ሲያስቸግር የጫናችሁት ቪፒኤን ዛሬም ከኋላ እየሠራ ሊሆን ይችላል። ያኔ መልእክታችሁ ሆላንድ ዞሮ ነው ዱባይ የሚደርሰው። አጥፉት። ይህን ብቻ አድርጎ «ተፈወስኩ» የሚለው ሰው ብዙ ነው።

ሁለቱም ካልረዱ አየሩ ነው የቀረው። አንድ ቀን ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ተጫወቱ፣ በዚያው ቀን ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ድገሙት። ንጋት ላይ ጥሩ ሆኖ ማታ ከተበላሸ አንቴናው ተጨናንቋል። ሰፈሩ ሁሉ ቪዲዮ እያየ ነው። ለዚህ መድኃኒቱ ሰዓት መቀየር ወይም ሌላ ሲም መሞከር ነው። ትልቅ ፓኬጅ መግዛት አይረዳም። አንድ ጨዋታ የሚበላው ጥቂት አሥር ሜጋባይት ነው። አይሱዙ ከሞተር ሳይክል ብዙ እህል ይጭናል፣ ቀድሞ ግን አይደርስም። ፓኬጅ ሲጨምር የሚጨምረው ጭነቱ ነው።

ሁለቱም ሰዓት ላይ መጥፎ ከሆነ የቦታ ጉዳይ ነው። ደብረ ሲና ከጣርማ በር ገደል ሥር ነው፣ አንኮበርም ሸንተረር ለሸንተረር ነው። ተራራ በመካከል ከገባ ሲግናል ይደክማል። መንዝ ደግሞ የድንጋይ ግድግዳው ወፍራም ነው፣ ላዩም ቆርቆሮ ነው። ሁለቱም ሲግናል ይዘጋሉ። ወደ መስኮት ወይም ወደ በረንዳ ውጡ። ስልኩን አግድም ስትይዙ ሁለቱ እጆቻችሁ አንቴናውን ሊሸፍኑ እንደሚችሉም አስታውሱ፣ ገልብጣችሁ ይዛችሁ ሞክሩ።

አንድ የተለየ ምልክት አለ። ፒንጉ 90 ሆኖ ይቆይና ድንገት 500 ይዘላል፣ ሰውየው ከፊታችሁ ጠፍቶ ከኋላችሁ ይገኛል። ይህ ስልኩ በ4ጂና በ3ጂ መካከል እየተመላለሰ ሊሆን ይችላል። በብዙ አንድሮይድ ስልኮች *#*#4636#*#* ብላችሁ ስትደውሉ ኔትወርኩን በኤልቲኢ (በ4ጂ) ብቻ ማሰር የምትችሉበት ገጽ ይከፈታል። ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል። በአንዳንድ ስልክ እንደዚያ ከታሰረ ጥሪ አይገባም። እማዬ ስትደውል «ጥሪ አይቀበልም» ከተባለች ጌሙ ሳይሆን እናንተ ናችሁ የምትታገዱት። ጨርሳችሁ ስትወጡ መልሱት። ለማንኛውም የማይዘል 120 ከሚዘል 60 ይሻላል።

«ፒንጉ አረንጓዴ ነው፣ ግን ይንቀራፈፋል»

ይህ ኔትወርክ አይደለም። ስልኩ ነው። መለያው ቀላል ነው፦ የመጀመሪያው ጨዋታ ደህና ሆኖ ሦስተኛው ላይ ከፈዘዘና ጀርባው ከጋለ፣ ፕሮሰሰሩ ራሱን እያዳነ ነው። ሲሞቅ ሆን ብሎ ፍጥነቱን ይቀንሳል።

ሸዋ ሮቢት ላይ ይህ የቀን ተቀን ነገር ነው። ከተማዋ ወደ 1,300 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ቀትር ላይ ስልኩ ገና ሳይነካ ሞቋል። ከቨሩን አውልቁ። ቻርጅ ላይ ሰክታችሁ አትጫወቱ። የስክሪኑን ብርሃን ቀንሱ። ግራፊክሱን ስሙዝ (ቀላሉ) ላይ አድርጉ፣ ፍሬም ሬቱን (በሰከንድ የሚታየውን የምስል ብዛት) ስልካችሁ ሳይሰናከል ሊይዘው የሚችለው ላይ ተዉት። የማይወርድ 30 ፍሬም ከ60 ወደ 20 ከሚወድቅ ይሻላል። ፍሪጅ ውስጥ ማስገባት የሚባለውን ግን ተዉ። የቀዘቀዘ ስልክ ወደ ሞቃት አየር ሲወጣ ውስጡ ጤዛ ይይዛል። ማራገቢያ ይበቃል።

መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ላይ፣ ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ ችግሩ ተገላቢጦሽ ነው። ወደ 2,800 ሜትር ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ባትሪው 25 ፐርሰንት እያለ ስልኩ ድርግም ይላል። ብርድ ሲሆን ባትሪ ኃይል ለመስጠት ይቸገራል፣ ያረጀ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። ከመጫወታችሁ በፊት ስልኩን ከጋቢ ሥር ያዙት። በየቀኑ ከሆነ ባትሪ መቀየር ነው። ጣትም አለ። ደረቅና ቀዝቃዛ ጣት ስክሪኑ ላይ አይያዝም፣ ሮቢት ላይ ደግሞ ላብ ያለበት ጣት ስክሪኑን ያዘልለዋል። ለሁለቱም ጌመሮች የሚያጠልቋት ቀጭን የጣት ሽፋን ትረዳለች። የብርድ ልብስ ፋብሪካ ያለበት ከተማ ልጅ በብርድ ጣት ተበላሁ ማለቱ ግን ያስቃል።

«ድሮ አሥራ አምስት ሰው እገድል ነበር፣ አሁን ወዲያው እሞታለሁ»

ይቅርታ፣ ከነዚያ ብዙዎቹ ሰዎች አልነበሩም። ፐብጂ ሞባይል ጀማሪን ከቦቶች (ጌሙ ራሱ ከሚያንቀሳቅሳቸው ተጫዋቾች) ጋር ይቀላቅላል። ቀጥ ብሎ ቆሞ ሰማይ የሚተኩሰው ያ ነው። ራንክ ከፍ ሲል ቦቱ ይቀንሳል፣ ሰው ይመጣል። ለተመላሽም እንዲሁ ነው። ቦቱ አልቆ ሰው ሲጀምር ስልኩ የተበላሸ ይመስላል።

መጀመሪያ ትሬኒንግ ግቡ። ጠመንጃዎች በየአፕዴቱ ይቀያየራሉ፣ ድሮ የማይነቃነቀው ዛሬ ወደ ላይ ሊዘል ይችላል። ሴንሲቲቪቲን (ጣት ሲነካ እይታው የሚዞርበትን ፍጥነት) ከዩቲዩብ ገልብጣችሁ አታስገቡ፣ ያ ቁጥር ለሌላ ስልክና ለሌላ ጣት ነው። አንድ ቁጥር ለውጡ፣ ተኩሱ፣ ከዚያ ሌላውን። ጋይሮስኮፕ (ስልኩን በማዘንበል ማነጣጠር የሚያስችለውን ሴንሰር) አብሩ የሚላችሁ ካለ ስልካችሁ እንዳለው መጀመሪያ አረጋግጡ። ርካሽ ስልኮች ብዙ ጊዜ የላቸውም።

ከሁሉ በላይ ግን ጆሮ ነው። የተኩስ ጌም ግማሹ የእግር ኮቴ መስማት ነው። ብሉቱዝ ማዳመጫ ድምፁን ብዙ ጊዜ ከ100 ሚሊ ሰከንድ በላይ ያዘገየዋል። ኮቴውን ስትሰሙ ሰውየው በሩ ላይ ደርሷል። ገመድ ያለውን ተጠቀሙ። በርካሽም ይገኛል።

ኮምፒውተር ላይ

ሲኤስ ጎ (የካውንተር ስትራይክን የቀድሞ ጌም) ትጫወቱ ነበር? ፍለጋችሁን አቁሙ። መስከረም 27 ቀን 2023 በፈረንጅ አቆጣጠር በካውንተር ስትራይክ 2 ተተክቷል። ስኪናችሁ ተሻግሯል፣ ኮምፒውተራችሁ ግን ላይሻገር ይችላል። አዲሱ ቢያንስ 8 ጊጋባይት ራምና 85 ጊጋባይት ቦታ ይጠይቃል። ባለ 32 ቢት ዊንዶውስንና ማክን ትቷል። 85 ጊጋባይት በዳታ ማውረድ ደግሞ ቀልድ ነው። ስቲም (ጌሙ የሚወርድበት ፕሮግራም) በአንድ ኔትወርክ ላይ ካለ ሌላ ኮምፒውተር ፋይሉን እንድትቀዱ ይፈቅዳል። የጫነ ጓደኛ ፈልጉ፣ ሁለታችሁንም በአንድ ራውተር በኬብል አገናኙ፣ የሚወርደው ከሱ ነው። ከዚያ በሴቲንግ ውስጥ የምትቀበሉትን ከፍተኛ ፒንግ ወስኑ። በጣም ዝቅ ካደረጋችሁት ጨዋታ አይገኝም።

ቫሎራንት ዊንዶውስ 11 ላይ «ቫን 9001» ካለ ጌሙ አልተበላሸም። ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚገባበት ሴቲንግ) ውስጥ ቲፒኤም 2.0 እና ሴኪዩር ቡት የሚባሉት የደህንነት መጠበቂያዎች ይበሩ እያለ ነው። ማሽኑ አሮጌ ሆኖ ሁለቱም ከሌሉት ካውንተር ስትራይክ 1.6ን በኬብል አገናኝታችሁ ተጫወቱ። ኢንተርኔት አይፈልግም።

መብራት በጨዋታ መካከል ሲጠፋ ላፕቶፑ ይቆያል፣ ራውተሩ ግን ይሞታል። ስልካችሁን ሆትስፖት አድርጉና ቶሎ ተመለሱ። ራንክ ጨዋታን አቋርጦ መቅረት ቅጣት አለው። ለራውተር የምትሆን ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የምትተካ ባትሪ) ካገኛችሁ ለሰዓታት ትይዝላችኋለች።

ቀሪ ሁለት ነገሮች። ማይክ የማይሠራው ስልኩ ፈቃድ ስላልሰጠው ሊሆን ይችላል። የስልኩ ሴቲንግ ውስጥ ጌሙን ፈልጋችሁ ማይክሮፎን ፍቀዱ። ዩሲ (የፐብጂን የጌም ገንዘብ) በብር እሸጣለሁ የሚል ሰው ደግሞ የይለፍ ቃል ከጠየቃችሁ ዝጉት። ዩሲ ለመሙላት የተጫዋች መለያ ቁጥር ብቻ ይበቃል።