ከደን የተረፈ እንጨት ለማገዶ፡ ዋናው ነገር ማድረቁ ላይ ነው

አጠገባችሁ ደን ወይም የራሳችሁ ዛፍ ካለ ጥሩ የኃይል ምንጭ አላችሁ ማለት ነው። ግን ብዙ ሰው ጭሱ ሲያስቸግረው ምድጃ ይቀያይራል እንጂ እንጨቱን አያይም፣ እርጥብ እንጨት ደግሞ የትኛውም ምድጃ ውስጥ ቢገባ ያው ነው።

መጀመሪያ ምን እንደምትሰበስቡ። ጤነኛ ትልቅ ዛፍ ለማገዶ ብሎ መጣል ያሳዝነኛል፣ ለማገዶ የሚሆነው ተጨናንቀው ከበቀሉት መሀል የሚሳሱት ቀጫጭኖቹ፣ ግንዱ ለስራ ሲወሰድ የተረፈው ቅርንጫፍ፣ ከእንጨት መሰንጠቂያ የሚወጣው ቁርጥራጭና ሰጋቱራ ነው። ቅጠሉንና አብዛኛውን ጭራሮ እዛው ተዉት፣ ለአፈሩ የሚመለሰው ንጥረ ነገር በብዛት ያለው እሱ ላይ ነው። ደሞ ደኑ በአመት ከሚያድገው በላይ ከወሰዳችሁ ታዳሽ መባሉ ቀረ፣ ደኑ የጋራ ከሆነ ደግሞ ሳታስፈቅዱ አትንኩ።

አሁን ወደ ማድረቁ። አዲስ የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው፣ ስለዚህ 10 ኪሎ ስትሸከሙ 5 ኪሎው ውሃ ነው ማለት ነው፣ ምድጃው ደግሞ መጀመሪያ እሱን ውሃ አትንኖ መጨረስ አለበት። በቁጥር ካያችሁት እርጥቡ በኪሎ 2 ኪሎዋት ሰዓት ትንሽ አለፍ ያለ ሙቀት ቢሰጥ ነው፣ እርጥበቱ 20 በመቶ የደረሰው ግን ወደ 4 ይጠጋል። በዛ ላይ እርጥቡ እሳቱን ስለሚያቀዘቅዘው እንጨቱ ሲግል የሚወጣው ጋዝ ሳይነድ በጭስ መልክ ይወጣል፣ ያ ጭስ እኮ ሳይነድ ያመለጠ ማገዶ ነው።

እንደቆረጣችሁ ፍለጡት፣ ቅርፊቱ እንዳለ የተቀመጠ ግንድ ቶሎ አይደርቅም። ከመሬት እንዲነሳ ስሩ ሁለት አግዳሚ አድርጉና ነፋስ እንዲያልፍ ሳሳ አድርጋችሁ ደርድሩት፣ ክዳኑ ላዩ ላይ ብቻ ይሁን። ብዙ ሰው ዙሪያውን በላስቲክ ይጠቀልለዋል፣ ያኔ እርጥበቱ መውጫ አጥቶ እንጨቱ ይሻግታል። እንደ ዛፉ አይነት እና እንደ አየሩ ከ6 ወር እስከ 2 አመት ሊፈጅ ይችላል፣ ቆይታው ረጅም ስለሆነ የሚቀጥለውን አመት ማገዶ ዘንድሮ ነው የምትፈልጡት።

መድረሱን እንዴት እናውቃለን ካላችሁ እኔ የማደርገው እንዲህ ነው፣ ከክምሩ መሀል አንድ ፍልጥ መርጬ ምልክት አደርግበትና መዝኜ ክብደቱን እዛው እንጨቱ ላይ በእርሳስ እጽፋለሁ፣ ከዛ በየወሩ እያወጣሁ እመዝነዋለሁ። እየቀነሰ እየቀነሰ መጥቶ ሁለት ሶስት ጊዜ እዛው ቁጥር ላይ ሲቆም አየሩ ሊያደርቀው የሚችለውን አድርቋል። ግማሹ ውሃ የነበረ 10 ኪሎ እንጨት 20 በመቶ ላይ ሲደርስ 6 ኪሎ ከሩብ አካባቢ ይመዝናል። ሚዛን ከሌላችሁ ሁለቱን አጋጩት፣ ደረቁ ኳ ይላል እርጥቡ ድም ነው የሚለው፣ ጫፉ ላይም ስንጥቅጥቅ ታያላችሁ።

ሰጋቱራና ተከትክቶ የደቀቀ እንጨት ላይ ግን ተጠንቀቁ፣ እርጥብ ሆኖ በትልቁ ከተከመረ ውስጡ በራሱ ይግላል፣ አንዳንዴም ይቀጣጠላል። ሳሳ አድርጋችሁ አስጡት፣ የሻገተውን ስታገላብጡ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ።

ማንደዱ ቀላል ነው፣ አንዴ ሞልታችሁ የምታነዱት ምድጃ ከሆነ ትልልቁን ስር ጭራሮውን ላይ አድርጋችሁ ከላይ ለኩሱት፣ ጭሱ በነበልባሉ ውስጥ ስለሚያልፍ እዛው ይነዳል። ማገዶ ለመቆጠብ ብላችሁ የአየር መግቢያውን ሙሉ በሙሉ አትዝጉ። ፍም ያለበትን ምድጃ ደግሞ በተዘጋ ቤት አስቀምጣችሁ በፍጹም እንዳትተኙ፣ ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ሽታ የለውም፣ እንቅልፍ ላይ እንዳላችሁ ነው የሚገድለው።

አመዱን አትጣሉት፣ ካልሲየምና ፖታሲየም ስላለው ወደ ደኑ መልሳችሁ በስሱ በትኑት፣ ቀለም የተቀባ ወይም ኬሚካል የተነከረ እንጨት አመድ ግን አይሆንም። ከመበተናችሁ በፊት ክዳን ባለው ብረት እቃ ውስጥ ለቀናት አቆዩት፣ አመድ ውስጥ የተዳፈነ ፍም ቶሎ አይጠፋም።