የሰርግ ዲቪዲ ወደ ፋይል ሲቀየር፦ ችግርና መፍትሄ

ድራይቩ መሥራቱን፣ ዲስኩ መጠረጉን፣ ሃርድ ዲስኩ ላይ ቦታ መኖሩን አይታችኋል ብዬ ልጀምር። እዚህ የምጽፈው ከዚያ በኋላ ስለሚመጣው ጣጣ ነው። ምሳሌዬ የሰርግ ዲቪዲ ነው። ወደ እኔ የሚመጣው ዲስክ አብዛኛው ሰርግ፣ መልስና ክርስትና ነውና። የሰው ፊልም ገልብጦ መሸጥ የሚፈልግ ሌላ ቦታ ይሞክር።

ለመቀየርና ለማሳነስ ሃንድብሬክን፣ ለማየት ቪኤልሲን እጠቀማለሁ። ሁለቱም ነፃ ፕሮግራሞች ናቸው። ከማስታወቂያ ላይ የወረደ ስሙ የማይታወቅ «ኮንቨርተር» ግን ሙሽሮቹ ፊት ላይ የራሱን ስም ለጥፎ «ለማንሳት ይክፈሉ» ይላችኋል።

ሰው ሲንቀሳቀስ ጠርዙ ላይ መስመር መስመር ይታያል

ዋናው ይሄ ነው። ተበላሽቶ ከሚመጣልኝ ፋይል አብዛኛው ችግሩ ይሄው ነው።

ሙሽሮቹ ቁጭ ብለው ሳለ ምስሉ ጥሩ ነው። ጭፈራው ሲጀመር ይበላሻል። እስክስታው ላይ አቁሙትና ትከሻቸውን እዩ። የነጠላው ጠርዝ፣ የቀሚሱ ጥለት፣ የእጃቸው ጣቶች እንደ ሚዶ ጥርስ በአግድም ተሰነጣጥቀው ታገኟቸዋላችሁ።

ምክንያቱ ካሜራው አይደለም፤ ዲስኩም አይደለም። የእኛ አገር ዲቪዲ የሚሠራበት ፓል የሚባለው ሥርዓት በሰከንድ 25 ምስል፣ በእያንዳንዱ ምስል 576 መስመር አለው። የያኔው ካሜራ ግን ምስሉን ባንዴ አያነሳውም። መጀመሪያ 1ኛን፣ 3ኛን፣ 5ኛን እያለ 288 መስመር ይይዛል። ከሰከንድ አንድ ሃምሳኛ በኋላ ተመልሶ 2ኛን፣ 4ኛን፣ 6ኛን ይሞላል። በዚያች ቅጽበት ትከሻው ቦታ ቀይሯል። ይህ አሠራር ኢንተርሌስ ይባላል። የድሮው ወፍራም ቴሌቪዥን መስመሮቹን በዚያው ተራ ስለሚያሳይ ማንም አያስተውለውም ነበር። የኮምፒውተርና የስልክ ስክሪን ግን ሁለቱን አጋማሽ ባንድ ላይ ያወጣቸዋል።

«ዲስኩን ሳየው ደህና ነው፣ ፋይሉ ነው የተበላሸው» የሚለው ክርክርም ከዚህ ይመጣል። ቪኤልሲ ዲስኩ ላይ የኢንተርሌስን ምልክት ሲያነብ ዝም ብሎ በራሱ ያስተካክለዋል። በግዴለሽነት ሲቀየር ምልክቱ ይጠፋል፣ መስመሩ ይቀራል። ያኔ የሚያስተካክለው የለም። ስለዚህ ዲስክ ስትመረምሩ ቪኤልሲ ውስጥ «ቪዲዮ» ከሚለው ዝርዝር ገብታችሁ «ዲኢንተርሌስ»ን አጥፉት። ዲስኩ ላይ ያለውን እውነተኛ ምስል የምታዩት እንደዚያ ነው።

መፍትሄው ሃንድብሬክ ውስጥ «ፊልተርስ» የሚለው ገጽ ላይ ነው። ዲኢንተርሌስ በሚለው ሥር «ዲኮምብ» እና «ያዲፍ» የሚባሉ ምርጫዎች አሉ። ዲኮምብ መስመር ያለበትን ምስል ብቻ ለይቶ ይነካል፤ መስመር ያለበትና የሌለበት ምስል ለተቀላቀለበት ሥራ ጥሩ ነው። ለሰርግ ግን ያዲፍን መርጬ ፕሪሴቱን (ተዘጋጅቶ የተቀመጠውን ምርጫ) «ቦብ» አደርገዋለሁ። ቦብ ሁለቱን አጋማሽ ለየብቻ ሙሉ ምስል ያደርጋቸዋል። በሰከንድ 25 የነበረው 50 ይሆናል፣ እስክስታውም ልክ በቴሌቪዥን ይታይ እንደነበረው ሳይቆራረጥ ይሄዳል። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ፍሬም ሬት (በሰከንድ የሚታየው የምስል ብዛት) የሚለው ቦታ 25 ተብሎ ከተተወ የተገኘውን ግማሽ መልሶ ይጥለዋል። 50 በሉት።

አርኤፍ የሚባለውን የጥራት ቁጥር ከ18 እስከ 20 ያዙት። ቁጥሩ ሲቀንስ ጥራቱም የፋይሉ መጠንም ይጨምራል። ማታ አዳራሽ ውስጥ የተቀረጸ፣ ነጠብጣብ የበዛበት ምስል ፋይሉን ያሳብጠዋል፤ አትደንግጡ። ኮዴኩን (ቪዲዮው የሚታመቅበትን ዘዴ) ኤች 264 አድርጉት፤ አብዛኛው ስልክና ቴሌቪዥን ያነበዋል።

አሁን ማስጠንቀቂያ። መስመሩ ሳይነሳ የምስሉን መጠን አትንኩ። አንዴ 576ቱ መስመር ወደ 720 ወይም ወደ 1080 ከተለጠጠ መስመሮቹ እርስ በርስ ይቀላቀላሉ። ከዚያ በኋላ ዲኮምብም ያዲፍም ለይተው ሊያነሷቸው አይችሉም። ደግሞ ዲቪዲን «ኤችዲ አደርግላችኋለሁ» የሚላችሁን ሰው አትመኑት። ካሜራው ያልያዘውን ዝርዝር ማሳደግ አያመጣውም፤ የሚጨምረው የፋይሉ ክብደትና የሰውየው ሂሳብ ነው።

አንዲት እናት የልጃቸውን ሰርግ በፍላሽ ይዘው መጡ። ሌላ ቤት ነው ያሠሩት። «ኤችዲ ሆኗል» ተብለው ደህና ብር ከፍለዋል። ስከፍተው 1080 ነው፣ ከዳር እስከ ዳር መስመር።

«እማማ፣ ዲስኩ የት አለ?» አልኳቸው።

«ፍላሽ ላይ ገባ አሉኛ! ከዚያ ምን ያደርግልኛል ብዬ ለልጆቹ ሰጠኋቸው።»

ቤት ሄደው ፈልገው ያገኙትን አመጡ። የሰርጉ ዲስክ ሶፋ ሥር ነበር፤ ተጭሯል ግን ይነበባል። የመልሱ ዲስክ ወፍ ማባረሪያ ሆኖ በረንዳ ላይ ተንጠልጥሎ ከርሟል። ቤት ውስጥ «በርን» የተደረገ (በኮምፒውተር የተጻፈበት) ዲስክ መረጃውን የሚይዘው በቀለም ላይ ነው፣ ያንን ቀለም ፀሐይ ይጨርሰዋል። ሰርጉን ከዲስኩ እንደገና ሠራነው። ከመልሱ የቀረላቸው ያው ባለመስመሩ ፋይል ነው። ዲስኩን አትጣሉ። ፋይሉ ቢያምርም አትጣሉ።

መስመሩ ጠፋ፣ ግን ምስሉ ወደፊት ወደኋላ ይነዝራል

ይሄኛው የቀደመው ታናሽ ወንድም ነው። ዲቪ የሚባለው የካሴት ካሜራ የሚጀምረው ከታችኛው አጋማሽ፣ ማለትም ከ2ኛው፣ ከ4ኛው፣ ከ6ኛው መስመር ነው። ኤዲተሩ ዲቪዲውን ሲያወጣ «ላይኛው ይቀድማል» ብሎ ከለቀቀው ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። ሰውየው አንድ እርምጃ ሄዶ ግማሽ ይመለሳል። ያዲፍን «ከስተም» ላይ አድርጉና ፓሪቲ የሚለውን ታችኛው እንዲቀድም ቀይሩት። የሚጨፍሩበትን አንድ ደቂቃ ብቻ ቀይራችሁ ሞክሩ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ጠብቆ «አሁንም ይነዝራል» ማለት ምን ይባላል?

መገልበጡ መሃል ላይ ቆመ

ከዲስኩ ላይ በቀጥታ አትቀይሩ። መጀመሪያ ዲስኩ እንዳለ ሃርድ ዲስክ ላይ ይግባ፣ ሥራው ከዚያ ይቀጥል። ካልገባ ከመሃል ወደ ዳር በቀጥታ ጥረጉት። ክብ እያዞራችሁ አይሆንም፤ መረጃው የተጻፈው በክብ ስለሆነ ክብ ጭረት የከፋ ነው። ሌላ ድራይቭም ሞክሩ፤ አንዱ እምቢ ያለውን ሌላው ሲያነብ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ያም ካልሆነ ሊኑክስ ላይ ዲዲሬስኪዩ የሚባል ፕሮግራም አለ። የሚነበበውን ቀድሞ ያወጣል፣ ወደ መጥፎው ቦታ ኋላ ይመለሳል።

የሙሽሮቹን ፎቶ በወረቀት አትሞ ዲስክ ላይ የለጠፈ ሁሉ ይቅር ይበለው። ወረቀቱ በእርጥበት ይጎብጣል፣ ዲስኩም ሲሽከረከር ይንቀጠቀጣል። ቢሆንም አትላጡት። ዲቪዲ ሁለት ስስ ፕላስቲክ ተጣብቆ የተሠራ ነው፤ መረጃው መሃላቸው ነው። ስትስቡት ሊላቀቅ ይችላል። አትላጡት!

ድምፁ ከአፍ ጋር አይገጥምም፣ ወይም ቪዲዮው ግማሽ ላይ ያልቃል

ዲቪዲ ቪዲዮውን ከ1 ጊጋባይት በማይበልጡ ቪኦቢ ፋይሎች ቆራርጦ ያስቀምጣል። እነሱን አንድ በአንድ ከከፈታችሁ መጋጠሚያው ላይ ድምፁ ይዛነፋል። ሃንድብሬክን «ቪዲዮ ቲኤስ» የሚለውን ሙሉ ፎልደር አስከፍቱት።

ኤምፒ4 በርን ያደረግሁት ዲስክ ቴሌቪዥኑ ላይ አይሠራም

አይሠራማ። ተራ የዲቪዲ ማጫወቻ የሚያውቀው ኤምፔግ 2 ቪዲዮ ያለበትን «ቪዲዮ ቲኤስ» ነው። ዲቪዲስታይለር በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ሠርታችሁ በርን አድርጉ። 4.7 ጊጋባይት የተጻፈበት ዲስክ ኮምፒውተር ላይ 4.37 ገደማ ሆኖ ይታያል፤ ማንም አልሰረቃችሁም። ሁለት ሰዓት ቪዲዮ ድምፁን ጨምሮ በሰከንድ 5 ሜጋቢት ገደማ ይደርሰዋል፣ ያ ያምራል። አራት ሰዓት ሰርግ አንድ ዲስክ ላይ ከጠቀጠቃችሁ ግን ግማሹ ብቻ ይደርሰዋል። ጭፈራው ወደ አራት ማዕዘን ቁርጥራጭ ይለወጣል። ሁለተኛ ዲስክ ግዙ። በርን ስታደርጉም በዝቅተኛ ፍጥነት፤ ርካሽ ዲስክ በ16 እጥፍ ፍጥነት ተጽፎ የሚሆነውን አይቼዋለሁ።

አሜሪካ ያለው ዘመድ «ዲስኩ አይነበብም» አለ

ዲስኩ ደህና ነው። እነሱ ጋ ያለው ሥርዓት ኤንቲኤስሲ ነው፦ 480 መስመር፣ በሰከንድ 29.97 ምስል። እዚያ የሚሸጠው ማጫወቻ ብዙው ፓልን አይቀበልም። ኮምፒውተር ግን ግድ የለውም። የቀየራችሁትን ፋይል በፍላሽ ላኩላቸው። የግድ ዲስክ ካሉ መጀመሪያ መስመሩን አንሱ፣ ከዚያ መጠኑን ቀይሩ። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ላይኛው ታሪክ ይደገማል።

የቀሩት ትንንሾቹ

ሰዎቹ ቀጥነው ወይም ወፍረው ከታዩ የምስሉ ስፋት ተዛብቷል። ሃንድብሬክ ላይ አናሞርፊክ የሚለውን «አውቶማቲክ» አድርጉት።

በዲቪዲ መቅረጫ የተቀዳ ዲስክ ኮምፒውተር ላይ «ባዶ ነው» ከተባለ ፋይናላይዝ አልተደረገም፤ ማለትም ቀረጻው ሲያልቅ ዲስኩ አልተዘጋም። ወደ ቀዳው መሣሪያ መልሳችሁ ፋይናላይዝ አድርጉት። «ፎርማት ላድርገው?» ብሎ ኮምፒውተሩ ከጠየቃችሁ እምቢ በሉ።

ፍላሹ ላይ በቂ ቦታ እያለ ፋይሉ አልገባ ካለ፣ ፍላሹ ፎርማት የተደረገው ፋት 32 በሚባለው አሠራር ነው። ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። ያለውን ወደ ሌላ ቦታ አውጡና ኤክስፋት አድርጋችሁ ፎርማት አድርጉት። የድሮ ማጫወቻ ላይ የሚሰካ ከሆነ ግን ኤክስፋትን ላያውቀው ይችላል፤ ያኔ ፋት 32ን እንዳለ ትታችሁ ቪዲዮውን ሁለት ቦታ ክፈሉት።