ከጨጓራ ቀዶ ሕክምና በኋላ ሚዛኑ አልወርድ ሲል ምን ይደረጋል?

ኪሎ ለመቀነስ ጨጓራን የሚያሳንሰውን ቀዶ ሕክምና ካደረግሁ አራተኛ ሳምንቴ ነበር። ወሩ ኅዳር ነው፤ ደብረ ብርሃን በውርጭ ነጭ ብላ ያደረችበት ጠዋት። ሚዛን ላይ ወጣሁ። 113። ባለፈው ሳምንትም 113 ኪሎ ነበር። ሚዛኑን አነሳሁት፣ ባትሪውን ቀየርኩለት፣ እንደገና ወጣሁበት። 113።

አክስቴ በር ላይ ቆማ ስታየኝ ነበርና፣ «ይሄን ሁሉ ብር ከስክሰሽ፣ ሆድሽን አስቆርጠሽ፣ ያው ነሽ እንዴ?» አለችኝ። ክፋት የላትም። እኔም በልቤ የምለው ይህንኑ ነበር።

አሁን ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። በመሃል ሚዛኑ ሦስት ጊዜ ቆሞብኛል። የሦስቱም ምክንያት የተለያየ ነበር፣ መላውም እንደዚያው። ስለዚህ ምግብ ከመቀነሳችሁ በፊት አንድ ነገር ለዩ።

መጀመሪያ፦ የቆመው መቼ ነው?

ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ከሆነ አትደንግጡ። ጉበትና ጡንቻ ውስጥ ግላይኮጅን የሚባል የስኳር ስንቅ አለ። እያንዳንዱ ግራም 3 ግራም ያህል ውሃ ይዞ ይቀመጣል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ምግብ ሲጠፋ ሰውነት ይህን ስንቅ ይጨርሳል፣ ውሃውም አብሮ ይወጣል። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ኪሎ እንደ ጉድ የሚወርደው አንድም በዚህ ነው። ቀጥሎ ሰውነት ውሃውን መልሶ ይይዛል። ስቡ እየነደደ ነው፣ ሚዛኑ ግን ውሃውንም ቆጥሮ «ያው ነሽ» ይላል። ለዚህ የሚደረግ ነገር የለም። የታዘዘላችሁን መብላትና መጠበቅ ብቻ። የእኔ በአምስተኛው ሳምንት መጨረሻ ላይ በራሱ ተለቀቀ።

ከስድስት ወር በኋላ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ሰውነት ሲያንስ የሚፈጀው ጉልበትም ያንሳል። በዚያ ላይ ጨጓራው ለመድ ይላል፣ የሚገባው ምግብም ጨመር ይላል። ከዚህ በታች የምጽፈው በአብዛኛው ለዚህኛው ነው።

ከ12 እስከ 18 ወር አካባቢ ከቆመ ደግሞ ምናልባት ማረፊያችሁ ላይ ደርሳችኋል። ብዙ ሰው ዝቅተኛ ኪሎው ላይ የሚደርሰው በዚህ ጊዜ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ትንሽ መመለስም የተለመደ ነው። እዚህ ላይ ሥራው የደረሳችሁበትን ኪሎ ይዞ መቆየት ነው፤ ካልወረድኩ ብሎ መታገል አያዋጣም።

አመዛዘናችሁን አስተካክሉ

በሳምንት አንድ ቀን፣ በዚያው ቀን፣ ጠዋት፣ ሽንት ቤት ደርሳችሁ፣ በስስ ልብስ። የእኛ አገር ብርድ ስለማያስወልቅ ሹራብና ጋቢ ደርቦ የሚመዘን ሰው አውቃለሁ። የተመዘነው ጋቢው ነው። ወገባችሁንም በሜትር ለኩ፤ ሜትር ከሌለ ክር ይበቃል። ክሩ ላይ ቋጠሮ እያደረጋችሁ አስቀምጡ። እኔ 113 ላይ በቆምኩበት ወር ቀሚሴ ሰፍቶ መርፌ ቁልፍ ይዤበታለሁ። ሴቶች፣ የወር አበባ ሰሞን ውሃ ስለሚያዝ ያን ሳምንት አትቁጠሩት።

ሦስት ቀን የቀመሳችሁትን ሁሉ ጻፉ

«የበላችሁትን» አላልኩም፣ የቀመሳችሁትን። ወጥ ስትሠሩ የላሳችሁት ማንኪያ፣ ልጁ ያስተረፈው ቁራሽ፣ ቡናው ላይ የገባው ስኳር፣ ሁሉም ይጻፍ።

እኔን ያጋለጠኝ ቆሎ ነው። ስምንተኛው ወር ላይ ነበር። ቁርሴ አንድ እንቁላል፣ ምሳዬ ጥቂት ማንኪያ፣ እራቴም እንደዚያው። ኪሎ ግን ንቅንቅ አይልም። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ኪሴ ውስጥ የምይዘውን ቆሎ በቡና ሲኒ ሰፈርኩት። እስከ ማታ አምስት ሲኒ ጨርሻለሁ። አምስት ሲኒ ሱቅ ወስጄ ባስመዝን 200 ግራም ሆነ። የገብስ ቆሎ በ100 ግራም ወደ 350 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል። ስለዚህ 700 ያህል፣ ከሦስቱ ገበታዬ የማይተናነስ፣ በኪሴ በኩል ሲገባ ነበር።

ለምን ጨጓራዬ አልከለከለኝም? ስሊቭ በሚባለው፣ ጨጓራን ቆርጦ በሚያሳንሰው ቀዶ ሕክምና ከጨጓራ 75 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ይወጣል። የቀረው ቶሎ የሚሞላው ግን በአንዴ ሲበላ ነው። ቀኑን ሙሉ እየቆነጠሩ ሲያኝኩ አይሞላም፣ እያለፈ ነው። በሶም እንደዚሁ። ጥብሱን ሦስት ጉርሻ ላይ «በቃኝ» የሚል ሆድ፣ በማር የተበጠበጠ በሶ ሲሆን ብርጭቆውን ሙሉ ያወርደዋል። በሶን ለማማት አይደለም፤ የሰሜን ሸዋ ሰው ሆኖ በሶን የሚጠላ የለም። ግን ለመንገደኛ የተሠራ ስንቅ ነው፤ ትንሽ ብዙ ጉልበት እንዲሰጥ። እኛ የምንፈልገው ተቃራኒውን ነው።

ጠላና አረቄም ይጻፉ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ አልኮል ቶሎ ደም ውስጥ ይገባል፤ ድሮ ምንም የማያደርጋችሁ መለኪያ ያንገዳግዳችኋል። ሱስ የመሆን ዕድሉም ከበፊቱ ይጨምራል። ይህን በቀልድ አትለፉት።

ፕሮቲኑን አስቀድሙ

አብዛኛውን ጊዜ ሐኪሞች የሚሉት በቀን ከ60 እስከ 80 ግራም ፕሮቲን ነው። ሲጎድል ጡንቻ ይሟሽሻል፣ ጡንቻ ሲሟሽሽ ሰውነት የሚያቃጥለው ይቀንሳል። አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል አለው፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8፣ መቶ ግራም የበሰለ ቀይ ሥጋ ወደ 25። ሰሃን ላይ መጀመሪያ ሥጋው፣ አይቡ ወይም ምስሩ ይበላ፤ ቀጥሎ አትክልቱ፤ እንጀራው በመጨረሻ፣ ቦታ ከተረፈ። እንጀራን በመጨረሻ መብላት መጀመሪያ ላይ ግራ ያጋባል። እጅ ይለምደዋል።

ጾም ሲመጣ ይከብዳል። ምስር፣ ባቄላ፣ ሽሮ ፕሮቲን አላቸው፤ ግን እንቁላል የሚሰጠውን ለማግኘት ብዙ መብላት ያስፈልጋል፣ ሆድ ደግሞ ቦታ የለውም። ውሃ ሳይጠጡ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየትም ሌላ ጣጣ ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነውና ሳይገባ ሐኪማችሁንም የንስሐ አባታችሁንም አማክሩ። የእኔ አባት ያለ ክርክር ፈቅደውልኛል። ረመዳንን የምትጾሙም ሐኪማችሁን ቀድማችሁ ጠይቁ።

ውሃ በሰዓቱ

ከምግብ ጋር አትጠጡ፤ ከበላችሁም በኋላ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ከዚያ ቀኑን ሙሉ በጉንጭ በጉንጭ፣ ቢያንስ ሊትር ተኩል። በብርድ ቀዝቃዛ ውሃ ማን ይጠጣል? የጦስኝ ሻይ በቴርሞስ ያዙ፣ ያለ ስኳር።

«በሞቴ!» ሲባል

ከሁሉ የከበደኝ ይህ ነው። «አፈር ስሆን አንዴ ጉረሺልኝ» የሚልን ሰው እንዴት እምቢ ይሉታል? «ዳይት ላይ ነኝ» ካላችሁ ተሸነፋችሁ፣ ይስቁና ያጎርሷችኋል። «ሐኪም ከልክሎኛል» በሉ። ሐኪም ሲጠራ እጅ ይመለሳል። ጉርሻው ካልቀረም ሥጋውን ምረጡ።

ተንቀሳቀሱ

በእግር መሄድ ጥሩ ነው፤ ግን ጡንቻ የሚይዝላችሁ ክብደት ማንሳት ነው። ጂም የግድ አይደለም። አምስት ሊትር ውሃ የሞላ ጀሪካን አምስት ኪሎ ነው። ሐኪም ማንሳት እስኪፈቅድላችሁ ግን፣ ብዙውን ጊዜ ስድስት ሳምንት ያህል፣ ከባድ ነገር አትንኩ።

ሐኪም ጋ መሄድ ያለባችሁ

ትውከት ካላቆመ፣ ውሃ እንኳ አልረጋ ካለ፣ ኃይለኛ የሆድ ሕመም ወይም ትኩሳት ካለ የሚዛኑን ነገር ተዉትና ያኔውኑ ሂዱ። እጅና እግር ከደነዘዘም ቫይታሚን ጎድሎ ሊሆን ስለሚችል አትዘግዩ። የታዘዘላችሁን ቫይታሚን ሚዛኑ ቆመ ብላችሁ አታቋርጡ፤ ብረትና ካልሲየም ደግሞ የሁለት ሰዓት ልዩነት ይኑራቸው። ለራስ ምታትም ለወገብም አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ ሳትጠይቁ አትዋጡ፣ ጨጓራን ያቆስላሉ።

ሁሉን አስተካክላችሁ ወር ሁለት ወር ካለፈ፣ የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ። ኢንሱሊንና ስቴሮይድን የመሰሉ ኪሎ እንዳይወርድ የሚይዙ መድኃኒቶች አሉ፤ የታይሮይድ ምርመራም ሊያስፈልግ ይችላል። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነውና ቀጠሮ መዝለል ይቀናል፤ እኔም አንዱን ዘልዬ ነበር። ደብተሩንም ያዙ። ሐኪሜ የእኔን ገልጦ፣ የቆሎውን ገጽ አይቶ፣ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው።